ሌባ ሻይ፣ አውጫጭኝና ዲ ኤን ኤ

ሰው በሰው ላይ በደል መሥራት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ «ማን አደረገው?» የሚለው ጥያቄ በየአገሩ ሲጠየቅ ኖሯል። በደለኛው እጅ ከፍንጅ የተያዘ እንደ ሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ዳኛ ይፈርዳል፤ ሽማግሌ ያስታርቃል። በእኛ በራያ ቆላም፣ በዞብል ተራራ ግርጌ በተዘረጋው የማሽላ አገር፣ ደም የፈሰሰ እንደ ሆነ ዘወልድ የሚባሉት ሽማግሌዎች በሟችና በገዳይ ወገን መካከል ገብተው በቀል እንዳይቀጥል ይደክማሉ። ነገር ግን ለማስታረቅም ቢሆን አስቀድሞ ገዳዩ መታወቅ አለበት። ገዳዩ ካልታወቀ የሚቀረው ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬም ምንም ያላደረገውን ሰው ያስገድላል። ስለዚህ ያልታወቀ በደለኛ በአገራችን እንዴት ሲፈለግ እንደ ኖረና ዛሬ የፎረንሲክ ባለሙያዎች የደረሱበት ጥበብ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ለመጻፍ ተነሣሁ። የጠቀስሁት ዓመተ ምሕረት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

አባቶቻችን ከነበሯቸው ዘዴዎች እጅግ የሚያስገርመው ሌባ ሻይ ነው። ዕቃ የጠፋበት ሰው ለሌባ ሻዩ ሹም ያመለክታል። ሹሙም ለአንድ ትንሽ ልጅ በወተት የተበጠበጠ መድኃኒት ያጠጣዋል፤ ትምባሆም ያስጨሰዋል። ልጁ ራሱን ሲስት በወገቡ ገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ በየመንደሩ ሲሄድ ሹሙ የገመዱን ጫፍ ይዞ፣ ባለ ንብረቱም ከኋላ ሆኖ ይከተሉታል። በመጨረሻ ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ የጠፋውን እንዲከፍል ይገደዳል። ይህን የውጭ አገር መንገደኞች አይተው ጽፈውታል። ልጁ ለምን በዚያ ቤት እንደ ወደቀ የሚጠይቀው ሰው የለም፤ ቢጠየቅም አያውቀውም። የተከሰሰውም ሰው የሚከራከርበት መንገድ የለውም፤ ከደነዘዘ ሕፃን ጋር እንዴት ይከራከራል? በልጅ ኢያሱ ዘመን ለማስቀረት ጥረት ከተደረገባቸው ልማዶች አንዱ ይኸው ነበረ። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት እየታሰሩ አብረው የሚውሉበትና የሚያድሩበት ቁራኛም እንዲሁ።

ከዚህ እጅግ የተሻለው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነው። ወንጀል በተሠራበት አገር ያለው ወንድ ሁሉ ተጠርቶ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም። የተመረጡ ሽማግሌዎች እያንዳንዱን ለብቻው እያማሉ ያየውንና የሰማውን ይጠይቁታል። ስሙ እንዲገለጥ የማይፈልግ ምስክር «ወፍ» ይባላል፤ ወፍ ነገረችኝ እንደ ማለት ነው። በደለኛው ካልተገኘ ያገሩ ሰው በሙሉ አዋጥቶ ለተበደለው ይክሳል። በእኔ አስተያየት ይህ ሥርዓት ብዙ ብልኃት አለበት፤ በመንደር ውስጥ ምሥጢር ለረጅም ጊዜ እንደማይደበቅ አውቀው ያወጡት ነው። ጕድለቱም የታወቀ ነው። ወፏ ቂም ያላት እንደ ሆነች ማን ይመረምራታል? ደግሞስ በመከር ጊዜ ስንት ቀን ሜዳ ላይ ይዋላል?

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራውን በፖሊስ እጅ አደረገው። በአንቀጽ 34 መርማሪው ፖሊስ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው የተከሰሰውን ሰው በሐኪም ለማስመርመር እንደሚችል ሲደነግግ የደም ምርመራንም ጨምሮ ነው። ያን ጊዜ ግን ደም የሚናገረው ስለ ወገኑ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ ወይም ኦ መሆኑን ነው። በአንድ ገበያ ከዋለው መካከል ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ደም ስላለው፣ ይህ ጥርጣሬን ለማጥበብ እንጂ አንዱን ሰው ነጥሎ ለማውጣት አይበቃም።

ይህን ችግር የፈታው እንግሊዛዊው ሊቅ አሌክ ጄፍሪስ ነው። በሌስተር ዩኒቨርስቲ ሲመራመር የእያንዳንዱ ሰው ዲ ኤን ኤ የራሱ ምልክት እንዳለው የተገነዘበው ጳጉሜን 5 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ልክ በእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበረ። በሌስተር አጠገብ ባሉ መንደሮች በ1976 እና በ1978 ዓ.ም. ሁለት ልጃገረዶች ተደፍረው ተገድለው ነበርና ፖሊስ የ17 ዓመት ወጣት ያዘ። ወጣቱም ሁለተኛይቱን እኔ ገደልሁ ብሎ አመነ። ጄፍሪስ የሦስቱንም ናሙና ቢመረምር ሁለቱን ልጃገረዶች የገደለው አንድ ሰው መሆኑን፣ እርሱም ይህ ወጣት አለመሆኑን አገኘ። እንግዲህ ዲ ኤን ኤ በነፍስ ግድያ ምርመራ መጀመሪያ የሠራው ሥራ ገዳይን መያዝ ሳይሆን፣ በራሱ አንደበት የመሰከረውን ንጹሕ ሰው ከእስር ማዳን ነበረ።

ከዚያ ወዲያ ፖሊሶቹ ያደረጉትን ያነበበ ኢትዮጵያዊ አገሩን ያስታውሳል። በሦስት መንደሮች ካሉት ወንዶች ከ4,000 የሚበልጡትን እየጠሩ ደምና ምራቅ ተቀበሉ፤ ይህ የእንግሊዝ አውጫጭኝ ነው። ገዳዩ ኮሊን ፒችፎርክ ግን አንድ የሥራ ባልደረባውን በእርሱ ስም ደም እንዲሰጥ ልኮት ኖሮ አልተገኘም። የተገኘው ያ ባልደረባ በመጠጥ ቤት ሲያወራ የሰማች ሴት ለፖሊስ በመንገሯ ነው። በመጨረሻ ያስያዘችው ወፍ ናት! በመስከረም 1980 ዓ.ም. ተያዘ፤ ደሙ ተመርምሮ ልክ ሆነ፤ በጥርም ተፈረደበት።

አሠራሩን በጥቂቱ ልግለጥ። በዲ ኤን ኤ ላይ አራት ዓይነት ፊደላት አሉ ቢባል፣ በአንዳንድ ቦታ አጭር ቃል ደጋግሞ ይጻፋል፤ በአንዱ ሰው ዘጠኝ ጊዜ፣ በሌላው አሥራ ሦስት ጊዜ። እያንዳንዳችን በአንድ ቦታ ሁለት ቍጥር አለን፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት የመጣ። በአንድ ቦታ ቍጥሩ ከሌላ ሰው ጋር ቢገጥም አያስደንቅም፤ በሃያ ቦታ ሁሉ መግጠም ግን፣ ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንታዎች በቀር፣ ከቶ የማይጠበቅ ነው። ለዚህም ጥቂት የደም ጠብታ፣ ምራቅ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ፀጕር ወይም አጥንት ይበቃል።

ታዲያ መሣሪያው እንዲህ ኃያል ከሆነ የሠለጠነ ሰው ለምን ያስፈልጋል? ለዚህ ጥሩ መልስ የሚሰጠው በጀርመን አገር በሃይልብሮን ከተማ የሆነው ነው። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. አንዲት ፖሊስ ተገደለች፤ በመኪናዋም የአንዲት ሴት ዲ ኤን ኤ ተገኘ። የዚያችው ሴት ዲ ኤን ኤ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ወደ 40 በሚጠጉ የወንጀል ሥፍራዎች ተገኝቶ ነበረ። ፖሊሶች ያችን ሴት ለብዙ ጊዜ አሳደዷት። በመጋቢት 2001 ዓ.ም. ግን እንዲህ ያለች ወንጀለኛ ጭራሽ እንደሌለች ታወቀ። ዲ ኤን ኤው ናሙና የሚነሣበትን የጥጥ እንጨት በሚሠራ ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ሠራተኛ ነበረ! የሦስት መንግሥታት ፖሊስ በሌባ ሻይ ልጅ ገመድ ሲጐተት ከረመ ማለት ነው። ልዩነቱ ይህን ነው፤ የሌባ ሻይ ስሕተት መቼም አይገለጥም፤ የዚህኛው ግን የሚጠራጠር ሰው ተነሥቶ ቢመረምረው ተገለጠ። ስለዚህ ዋና የዲ ኤን ኤ መርማሪ ባዶውን ጥጥ እንኳ ከናሙናው ጋር አብሮ ይመረምራል፤ የደረሰበትንም ውጤት ሌላ ባለሙያ እንደገና ያየዋል። አሠልጣኝ በሆነ ጊዜም ለደቀ መዛሙርቱ መልሱን እርሱ ብቻ የሚያውቀውን ናሙና እየሰጠ ይፈትናቸዋል።

ይህ ጥበብ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ለመሆኑ በአገራችን ምስክር አለ። አሜሪካዊው የአጥንት ሊቅ ክላይድ ስኖው ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ በአርጀንቲና በወታደሮች አገዛዝ የጠፉትን ሰዎች አፅም ለማወቅ ወጣት ተማሪዎችን አሠለጠነ። እነዚያ ተማሪዎች ባለሙያ ሆነው፣ በልዩ ዐቃቤ ሕግ ተጠርተው በ1986 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በኮተቤም በደርግ ዘመን የተገደሉ የ30 ያህል ሰዎችን አፅም በጥንቃቄ ቈፍረው አወጡ። አገዳደላቸው በገመድ መሆኑ ከአፅሙ ጋር በተገኘው ገመድ ታወቀ።

ዲ ኤን ኤ ራሱ ለእኛ ሰዎች ያገለገለው በሐዘን ጊዜ ነው። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አውሮፕላን ከቤይሩት እንደ ተነሣ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ 90 ሰዎች ሞቱ፤ አስከሬኖቹም በዲ ኤን ኤ ተለዩ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው አውሮፕላን 157 ሰዎች አለቁ። አስከሬን ስላልተገኘ ለቤተ ሰቦቹ ከቦታው የተቃጠለ አፈር ተሰጣቸው፤ በአዲስ አበባም ለ17ቱ ኢትዮጵያውያን ባዶ ሣጥን ተቀበረ። ከብዙ አገር የመጡ ባለሙያዎች ከቤተ ዘመድ ናሙና እየተቀበሉ፣ ዲ ኤን ኤና የጣት አሻራ እያመሳከሩ፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም. የ157ቱንም ማንነት ለይተው ጨረሱ።

ስለ ቆቦ ከተነሣ ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ የሆነውን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ያን ቀን በከተማችንና በዙሪያዋ የተገደሉትን ሲቪሎች ጉዳይ የሰብአዊ መብት መርማሪዎች ከምስክሮች ቃል ጽፈውታል፤ በአብያተ ክርስቲያናት ግቢ የታዩትንም አዳዲስ መቃብሮች ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ አመሳክረውታል። ዘመዱ የቀበረው ሰው መቃብሩ ይታወቃል። ከቤቱ ወጥቶ የት እንደ ወደቀ ያልታወቀው ግን እናቱ ተዝካሩን ለማውጣትም፣ ተስፋ ለማድረግም ሳትችል ትኖራለች። አጥንት ዲ ኤን ኤን ለብዙ ዓመታት ይጠብቃል፤ ነገር ግን የሚመሳከርበት የእናት ወይም የወንድም ምራቅ ያስፈልጋል፤ እናቶችም ያረጃሉ።

ለብዙ ዓመታት ከየጠቅላይ ግዛቱና ከየክፍለ ሀገሩ የተገደለ ሰው አስከሬን ለምርመራ የሚላከው ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበረ። ከቆቦ እስከዚያ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ የምርመራው መጀመሪያ በታላቁ ቤተ ሙከራ ሳይሆን እዚሁ፣ በቆላው ሙቀት፣ መጀመሪያ በሚደርሰው ፖሊስ እጅ ነው። ደም የነካውን ጋቢ እርጥቡን በላስቲክ ቢቋጥረው፣ አዲስ አበባ ሳይደርስ ሻግቶ ዲ ኤን ኤው ይበላሻል። ጓንት አድርጎ፣ በጥላ አድርቆ፣ በወረቀት ከረጢት ከቶ፣ ማን እንዳነሣውና በስንት ሰዓት እንደ ተነሣ ጽፎ፣ ለማን እንዳስረከበው አስፈርሞ ቢልከው ግን፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን የሚመረምረው ሰው የሚያነበው ነገር ያገኛል።