ግንደ ሕዋስ፦ ስለ ስሙና ለስኳር ሕመምተኛ ቁስል ስለሚሰጠው ተስፋ

ፈረንጆች «ስቴም ሴል» የሚሉት በአማርኛ «ግንደ ሕዋስ» እየተባለ መጻፍ ጀምሯል። ሕዋስ ሲባል በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ የሚፈጸሙባቸውን አምስቱን ሕዋሳት ነው፤ የሥነ ሕይወት መምህራን ግን ቃሉን ወስደው፣ ለአካል ሁሉ መሠረት የሆነችውን፣ በዓይን የማትታየውን ረቂቅ ክፍል ጠሩበት። «ግንድ» ደግሞ ከሩቅ የመጣ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሄክል እ.ኤ.አ. በ1868 «ሽታምሴለ» (ግንደ ሕዋስ) የሚለውን ስም ያወጣው፣ የሕያዋን ሁሉ ቅድመ አያት ናት ብሎ ላሰባት ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ነበር፤ እኛም «የዘር ግንድ» ስንል የኖርን ስለሆንን ስያሜው አልከበደንም። ዛሬ ግንደ ሕዋስ የሚባለው፣ ራሱን እየተካ የሚኖር፣ ከእርሱም ልዩ ልዩ ተግባር ያላቸው ሕዋሳት የሚወለዱበት ነው።

ይህ ሕዋስ ተስፋ ከተጣለባቸው ሕመሞች አንዱ የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል ነው። ስኳር ለብዙ ዘመን የጸናበት ሰው ብዙ ጊዜ የእግሩ ነርቭ ስለሚደነዝዝ፣ በጫማው ውስጥ የገባች ጠጠር ከጧት እስከ ማታ ውስጥ እግሩን ስትፈገፍገው ብትውል አይታወቀውም፤ መቁሰሉን የሚያውቀው ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ደም ሲያይ ነው። በጤነኛ ሰው ቢሆን ደሙ ይረጋል፣ ነጭ የደም ሕዋሳት መጥተው ቆሻሻውንና ተሕዋስያኑን ይጠርጋሉ፣ የቁስሉም መቆጣት ሲበርድ ቀጫጭን የደም ሥሮች በቅለው ቀይ አዲስ ሥጋ ይሞላል፣ ቆዳውም ከዳር እስከ ዳር ተስቦ ይጠግጋል። በስኳር ሕመምተኛ ግን ሊጠርጉ የመጡት ሕዋሳት ቶሎ ከቁጣቸው አይመለሱም፣ የደም ሥሮቹም ብዙ ጊዜ የጠበቡ ናቸው፤ ስለዚህም ቁስሉ ለወራት ተከፍቶ ያመረቅዛል፣ ወደ አጥንት ሲዘልቅም እግርን እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ከመቶ የስኳር ሕመምተኞች ከ19 እስከ 34 የሚሆኑት በዕድሜያቸው ውስጥ እንዲህ ያለ የእግር ቁስል እንደሚያገኛቸው ይገመታል።

እንዲህ ያለውን ቁስል ለመፈወስ ተመራማሪዎች ከመቅኔ፣ ከስብ ወይም ከወሊድ በኋላ ከሚጣል እትብት ግንደ ሕዋሳትን ለይተው፣ በቤተ ሙከራ አብዝተው፣ በቁስሉ ዙሪያ ወይም በባት ጡንቻ በመርፌ ይወጓቸዋል። ስሙን የሰማ ሁሉ ሕዋሱ በቁስሉ ላይ ተተክሎ ቆዳ የሚሆን ይመስለዋል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ፣ ጥቅማቸውም በይበልጥ በሕይወት ሳሉ ከሚያመነጩት ንጥረ ነገር ነው፤ ይኸውም የደም ሥርን ያበቅላል፣ የተቆጡትንም ሕዋሳት ያበርዳል። ከዚህም የተነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 «ሜዘንካይማል ስቴም ሴል» ብሎ የሰየማቸው አሜሪካዊው አርኖልድ ካፕላን ራሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ስማቸው «መልእክት የሚያስተላልፉ ፈዋሽ ሕዋሳት» በሚል ዓይነት ስያሜ ይለወጥ ሲል ጻፈ። ደም የሚወልዱትን ሌሎቹን የመቅኔ ሕዋሳት ግን «ግንደ ሕዋስ» በሚገባ ስለሚገልጻቸው፣ በእኔ አስተያየት ስሙ ለእነርሱ ሊጸና ይገባል።

በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች አብዛኞቹ በጥቂት ሕመምተኞች የተወሰኑ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ቁስል ቶሎ መጠገጉን ቢያሳዩም፣ ሕክምናው ገና ከመደበኛው አልተቆጠረም፤ ስለዚህ ዛሬውኑ እፈውሳለሁ እያለ በውድ የሚሸጠውን ነጋዴ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሐኪም አሁንም የሞተውን ሥጋ ይጠርጋል፣ የደሙን ዝውውር ይመረምራል፣ ምርቀዛውን ያክማል፣ የቆሰለው እግር የሰውነት ክብደት እንዳያርፍበት ልዩ ጫማ ወይም ጀሶ ያደርጋል፤ ሕዋሱም ቢሰጥ በዚህ ሁሉ ላይ ተጨምሮ ነው።