ከሰንበሌጥ ክዳን እስከ ፎም፤ ሙቀትን የመከላከል ታሪክ በሶደሬና በአካባቢው ከተሞች

ከአዳማ በስተደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር የሚገኘው ሶደሬ ስሙ የሚነሣው ከምድር በሚፈልቀው ፍል ውሃ ነው። ለሕንፃ ባለሙያ ግን የቦታው ልዩ ጠባይ ሌላ ነው። ከላይ ፀሐይ፣ ከታች እንፋሎት፣ ሁለቱም በአንድ ጣራ ላይ ይገናኛሉ። በእንዲህ ያለው ቆላ ለሚሠራ ሆቴል፣ መጋዘን ወይም የገበያ ሕንፃ የትኛው የፎም ዓይነት እንደሚሻል ዛሬ በየዲዛይን ቢሮው ይጠየቃል። ይሁንና ጥያቄው ከፎሙ በብዙ ዘመን የሚቀድም ታሪክ ያለው በመሆኑ፣ መልሱም ከዚያው ታሪክ ቢጀመር ይመረጣል።

በመሠረቱ ሙቀትን የሚከላከለው ነገር በጠባብ ቦታ ታስሮ የማይንቀሳቀስ አየር ነው። የሣር ክዳን ጎጆ የሠራው ገበሬ ይህን በቁጥር ባያሰላውም በሥራ ያውቀው ነበር። ሰንበሌጡ ተጠቅጥቆ ሲደረደር በሰበዞቹ ውስጥና መካከል አየሩ ይታሰራል። የሣር ክዳን ሙቀት አስተላላፊነት በሜትር በኬልቪን 0.07 ዋት ያህል ነው። እንግዲህ አንድ ስንዝር ውፍረት ያለው የሣር ክዳን፣ ዛሬ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከሚመጣው የ5 ሳንቲ ሜትር የፖሊስቲሪን ፎም በእጥፍ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ይህን የሰማ መሐንዲስ ፈገግ ቢል አያስወቅሰውም፤ ስሌቱን ግን ራሱ ቢደግመው ያንኑ ያገኛል።

የሣር ክዳን ጉድለትም አለበት። እሳት ይፈራል፣ ምስጥና አይጥ ይገባዋል፣ በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፤ ከተማ ሲሰፋም ሣሩ ይርቃል። ስለዚህ የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በአዋሽ ሸለቆ በኩል አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ በመስመሩ ላይ ላሉት ጣቢያዎች ቆርቆሮ ማግኘት እየቀለለ ሄደ። የቆርቆሮ ቤትም የኑሮ ደረጃ መለያ ሆነ። ቆርቆሮ ዝናብን በሚገባ ይከላከላል፣ እሳት አይዘውም፤ ነገር ግን ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ብረት በመሆኑ የሙቀት መከላከያነቱ ከምንም አይቆጠርም። ሶደሬና አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ እኩለ ቀን ላይ ከአናት ብዙ አትርቅም፤ ዋናውን ሙቀት የሚቀበለውም ከግድግዳው ይልቅ ጣራው ነው። በሣር ዘመን የሕንፃው ጠንካራ አካል የነበረው ጣራ በቆርቆሮ ዘመን ደካማው ሆነ። ከሥሩ የተወጠረው የአቡጀዲ ኮርኒስ፣ በኋላም የመጣው ቺፕውድ፣ አቧራውን ከለከለ እንጂ ሙቀቱን እምብዛም አላቆመም።

በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምርና በ1952 ዓ.ም. የቆቃ የኤሌክትሪክ ግድብ ሲመረቅ፣ አካባቢው የሲሚንቶና የብሎኬት ሥራ እየለመደ ሄደ። እዚህ ላይ ታሪኩ ትንሽ ቆም ብሎ ሊታይ ይገባዋል። ስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ፑሚስ የተባለው ነጣ ያለ ቀላል ድንጋይ በውስጡ የነበረው ጋዝ ሲያመልጥ አረፋ እንደሆነ የደረቀ የመስታወት ዓለት ሲሆን፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ግንበኛው ሬድ አሽ የሚለው ቀዩ ስኮሪያም ዘመዱ ነው። እንግዲህ የፎም ፋብሪካ ከመታሰቡ በፊት ሸለቆው የራሱን ፎም ሠርቶ በየኮረብታው ሥር አስቀምጦ ነበር ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ከፑሚስ የተሠራ ብሎኬት ከተራ ኮንክሪት ብዙ እጥፍ ያነሰ ሙቀት ያስተላልፋል፣ ክብደቱ ለመሠረቱ ያዝናል፣ እሳትም አያቀጣጥለውም። የሚያሳዝነው፣ ይህ ብሎኬት በገበያ ሲመረጥ የኖረው ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ብቻ መሆኑ ነው። ሙቀት የመከላከል ባሕርዩ በዲዛይን ስሌት ውስጥ ሲገባ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው።

ሰው ሠራሹ ፎም የተወለደው በሌላ አገርና ለሌላ ጉዳይ ነው። ፖሊዩሬቴን እ.ኤ.አ. በ1937 በጀርመን አገር በኦቶ ባየርና በባልደረቦቹ ተገኘ። የፖሊስቲሪን ፎም በአሜሪካ ዳው ኬሚካል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለሕይወት አድን ጀልባ መንሳፈፊያነት ሲያገለግል ነበር፤ ነጫጭ ፍሬዎቹ ተጣብቀው የሚታዩት ዓይነት ደግሞ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በጀርመኑ ባስፍ ኩባንያ ለገበያ ቀረበ። ፖሊዩሬቴንን ከሁሉ የላቀ ያደረገው በሴሎቹ ውስጥ የታሰረው ክሎሮፍሎሮካርቦን ጋዝ ከአየር ያነሰ ሙቀት ማስተላለፉ ነበር። ያው ጋዝ የኦዞንን ሽፋን እንደሚያሳሳ በመረጋገጡ እ.ኤ.አ. በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1994 ተቀላቀለችው። ከዚያ ወዲህ ፎሙ በሌሎች ጋዞች መሠራት ግድ ሆነበት። ስለሆነም አሮጌ የአምራች ሠንጠረዥ ይዞ ማስላት ያሳስታል።

በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ፎምን ያወቀው በስፖንጅ ፍራሽ ነው። በሕንፃ አካልነት በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ጎልቶ የታየው ግን ለሰው ሳይሆን ለሸቀጥ ነበር። የሞጆና የቢሾፍቱ የሥጋ ላኪ ቄራዎች፣ ቀጥሎም የዝዋይ የአበባ እርሻዎች፣ ያለ ማቀዝቀዣ ክፍል ሊሠሩ አይችሉም፤ ማቀዝቀዣ ክፍል ደግሞ በሁለት ቆርቆሮ መካከል ፎም የተሞላበት ሳንድዊች ፓነል ይፈልጋል። ጽጌረዳው በፎም ግድግዳ ውስጥ ሲቀዘቅዝ፣ በቆላው ከተሞች ሱቅና መጋዘን የሚሠራው ሰው በአብዛኛው በባዶ ቆርቆሮ ሥር ቀረ።

አሁን ፓነሉ ከማቀዝቀዣ ክፍል ወጥቶ ወደ ንግድ ሕንፃ በመዛወር ላይ ስለሆነ፣ ምርጫው በዋጋ ብቻ ሊተው አይገባም። ለንጽጽር ያህል፣ የ5 ሳንቲ ሜትር ፖሊስቲሪን የሚሰጠውን መከላከያ ፖሊዩሬቴን በ3.5 ሳንቲ ሜትር ይሰጣል፤ የፑሚስ ኮንክሪት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ተራ ኮንክሪት ግን ከ2 ሜትር በላይ ይፈልጋል። በቁጥሩ ፖሊዩሬቴን ያሸንፋል፤ ቁጥሩ ግን ስለ እሳት አይናገርም። ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ ያወጣል። ፖሊስቲሪን ደግሞ ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንጂ ከዚያ በላይ ለዘለቄታው አይችልም፤ ጠቆር ያለ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ በቆላ ፀሐይ ወደዚያው ወሰን ስለሚጠጋ፣ ከብረቱ ጋር አጣብቆ መሥራት አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 በለንደን የግሬንፌል ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሲሞቱ፣ እሳቱን በዋነኛነት ያስፋፋው ፕላስቲክ እምብርት ያለው የአልሙኒየም ሽፋን ነበር፤ ከበስተኋላው የነበረው ፎምም አብሮ ነደደ። ይህን የመሰለ የአልሙኒየም ክላዲንግ በኢትዮጵያ ከተሞች የንግድ ሕንፃዎች ላይ ተዘውትሮ ስለሚለጠፍ፣ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ተደርጎ ሊታለፍ አይችልም።

ስለዚህ ለሶደሬና ለመሰሎቹ የሚስማማው አሠራር እንደየቦታው ይለያያል። ለግድግዳ የፑሚስ ብሎኬት ከነልስኑ በቂ ነው፤ ግድግዳው ሰፊ የጣራ ክፈፍና የዛፍ ጥላ ካገኘ ፎም መጨመር ትርፉ ጥቂት ነው። ሶሌታ ላለው ጣራ፣ ተጨፍልቆ የሚወጣው ጥቅጥቅ ፖሊስቲሪን ከውሃ መከላከያው በላይ ተነጥፎ ጠጠር ወይም ንጣፍ ቢለብስ ይመረጣል። ሴሎቹ የተዘጉ በመሆናቸው እርጥበት አይጠጣም፤ ሶሌታው ከሥሩ ስለሚሆንም የቀኑ ግለት አይደርስበትም፤ ማታ መስኮት ሲከፈት የሚገባውንም ቅዝቃዜ ለቀን ያቆያል። ቆርቆሮ ለለበሰ አዳራሽ ከባዛልት ቀልጦ የሚሠራው የድንጋይ ሱፍ፣ ሙቀት የመከላከል ቁጥሩ ከፎም ትንሽ ቢያንስም፣ ሕዝብ ለሚሰበሰብበት ቦታ ይሻላል፤ አይነድምና። በፍል ውሃ መታጠቢያ ቤት ግን ከሁሉ በፊት የሚታሰበው እንፋሎቱ ነው። ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ውሃ ሆኖ ስለሚንጠባጠብ፣ የእንፋሎት ማገጃው ከመከላከያው በታች፣ በሞቃቱ በኩል ሳይቋረጥ መዘርጋት አለበት። ከቆርቆሮው በታችም አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል፤ አፉም ወፍና ጦጣ እንዳይገባበት በወንፊት ሽቦ ይዘጋል።