በረዶና ጨው ለምን ዘግይተው ተገናኙ? ስለ ጾም ጄላቲ አጭር ታሪክ

ታሪክ ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የነገሥታት ዘመንና የጦርነት ወሬ ነው። ነገር ግን ሰው በየቀኑ የሚበላውና የሚጠጣውም የራሱ ታሪክ አለው፤ ይህንንም መመርመር ለተማሪ የማይገባ ተግባር አይደለም። ስለዚህ እኛ በዚህ የትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ትንሽ የምትመስል ነገር መርጠን ልንጽፍ ወደድን። ይህችውም ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ከፍራፍሬ ብቻ ተሠርታ በብርድ የምትረጋው፣ በከተማ ልጆች ዘንድ ጄላቲ የምትባለው ጣፋጭ ናት።

ጄላቲ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ በብርድ የረጋ ማለት ነው። ከስሙ የተነሣ ብዙ ሰዎች ነገሩ ሁሉ የባዕድ አገር ብልኀት ይመስላቸዋል። ሆኖም መኪና ከመፈልሰፉ በፊት ይህን ጣፋጭ ለማርጋት ይፈለጉ የነበሩት ሁለት ዋና ነገሮች በረዶና ጨው ናቸው፤ ሁለቱም ከአክሱም ዘመን ጀምሮ በአገራችን ይታወቁ ነበር። ታዲያ በረዶና ጨው በአንድ ዕቃ ውስጥ ሳይገናኙ ይህን ያህል ዘመን የቆዩት ስለ ምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዋና ጥያቄ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ስለ በረዶ እንናገር። ኮስማስ የተባለው የግሪክኛ ጸሐፊና ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ አዱሊስ መጥቶ በአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ገልብጦ ነበር። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አንድ የአክሱም ንጉሥ ስለ ዘመቻው ሲናገር፣ በስሜን ተራሮች ብርድና ውሽንፍር እንዳጋጠመውና አመዳዩም ሰውን እስከ ጉልበቱ ያሰጥም እንደ ነበር ይገልጻል። የግዕዝ ቋንቋችንም ቢሆን ለብርድ ስም አላጣም፤ በረድ፣ ሐመዳና አስሐትያ የሚሉት ቃላት በመዝሙረ ዳዊት ስለሚገኙ ዳዊት የደገመ ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል።

ወደ ጎጃም ስንመለስ፣ ከአምበር በስተ ሰሜን የሚታየው የጮቄ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። በክረምት በረዶ ይወርዳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል። ነገር ግን ለገበሬ በረዶ ወዳጅ ሆኖ አያውቅም። ገብሱንና ስንዴውን በረዶ መታው ሲባል በዚያ ቤት የዓመቱ እንጀራ ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ የአባቶቻችን ሐሳብ በረዶን እንዴት አድርገን እናርቀው እንጂ እንዴት አድርገን እናስቀምጠው የሚል አልነበረም። ከዚህም ሌላ የአየሩ ጠባይ አንድ ምክንያት ነው። በፋርስ አገር ክረምቱ ረዥምና ብርቱ ስለሆነ ሰዎች በረዶውን ሰብስበው ያኽቻል በሚባል ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ባለው ቤት ለበጋ ያከማቹት ነበር። በእኛ ደጋ ግን ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ማታ የወረደው በረዶ እስከ ቀትር ውኃ ይሆናል። ስለዚህ የሚከማች በረዶ አልነበረም።

ሁለተኛው ነገር ጨው ነው። ጨው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ከሚወርደው ከዳሎል አካባቢ፣ እንደ ጡብ እየተጠረበ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። ይህ አሞሌ የተባለው ጨው ወጥ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት በጎጃም ታላቅ የነበረው የባሶ ገበያ፣ ዛሬ የጁቤ በምትባለው ከተማ አቅራቢያ ይቆም ነበር፤ ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ሲመጣ፣ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ይመጣ ነበር። እጅግ የሚያሳዝነውም በዚያው ገበያ ሰው ራሱ ይሸጥ ነበር። ነጋዴው ከጨው ምድር እየራቀ በሄደ መጠን በአንድ ጠገራ ብር የሚገኘው የአሞሌ ቁጥር እያነሰ ይሄድ ነበርና፣ አሞሌ በጎጃም ውድ ነበረ። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓ.ም. የራሳቸውን ብር ካስቀረጹ በኋላም ቢሆን አሞሌ ወዲያው ከገበያ አልወጣም።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ በረዶን ለማቀዝቀዣ ለመጠቀም ጨው በብዛት ተፈጭቶ በበረዶው ላይ ይበተናል፣ ከዚያም አብሮ ቀልጦ ይፈሳል። ጨው ገንዘብ በሆነበት አገር ይህን ማድረግ ብርን ወደ ወንዝ እንደ መጣል ይቆጠር ነበር። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል የሚለው ተረት የጨውን ክብር ከጣዕሙ ጋር ያያይዘዋል፤ አባቶቻችን ጨው ከጣዕም ሌላ የማብረድ ኀይል እንዳለው ለመሞከር የሚያነሣሣ ምክንያት አልነበራቸውም። ስለዚህ የአስተዋይነት ማነስ ሳይሆን የኑሮው ሁኔታ ሁለቱን ለያያቸው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

በሌላው ዓለም ግን ሁለቱ ቀስ በቀስ ተገናኙ። በ13ኛው መቶ ዓመት የኖረው የደማስቆው ሐኪምና የታሪክ ጸሐፊ ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ፣ ከጨው ወገን የሆነ አንድ ማዕድን በውኃ ሲሟሟ ውኃውን እንደሚያበርደው ጽፎአል። በጣልያን አገር ጃምባቲስታ ዴላ ፖርታ እ.ኤ.አ. በ1589 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የወይን ጠጅ በአመዳይና በዚሁ ማዕድን እንዴት እንደሚረጋ ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ1690ዎቹ ደግሞ አንቶኒዮ ላቲኒ የተባለ የቤት አዛዥ በናፖሊ ከተማ የሶርቤቶ አሠራር ጻፈ። ሶርቤቶ የሚለው ስም ራሱ በቱርክኛ በኩል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መነሻው መጠጥ የሚል ቃል ነው። ማርኮ ፖሎ ጥበቡን ከቻይና አመጣው የሚለው ወሬ በብዙ ቦታ ይነገራል፤ ነገር ግን ማስረጃ የለውም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ። ከጥንቶቹ የረጉ ጣፋጮች ብዙዎቹ ከሎሚና ከሌላም ፍሬ፣ በውኃና በስኳር የተሠሩ ነበሩ፤ የወተት አይስክሬም ዛሬ ያለውን ስፋት ያገኘው በኋላ ነው። ስለዚህ ያለ ወተት የሚሠራው ጄላቲ አንድ ነገር የጎደለው ምትክ ሳይሆን፣ ይልቁንም ከታላላቆቹ ወገን ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ቱዶር ከኩሬ የተቆረጠ በረዶ በመርከብ ጭኖ እ.ኤ.አ. በ1806 ወደ ማርቲኒክ ደሴት፣ በ1833 ደግሞ እስከ ካልካታ ድረስ ላከ። ናንሲ ጆንሰን የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1843 በእጅ የሚዞር የአይስክሬም ማርጊያ ፈልስፋ መብቷን አስመዘገበች። እ.ኤ.አ. በ1834 ጄኮብ ፐርኪንስ በትነት የሚያቀዘቅዝ መኪና ካስመዘገበ ወዲህ ሰው የሰማይን በረዶ መጠበቅ እየተወ ሄደ። ፍራንክ ኤፐርሰንም በ11 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1905፣ ማማሰያ ዘንግ የተተከለበትን ጣፋጭ መጠጥ በብርድ ሌሊት ደጅ ረስቶ ቢያድር፣ በዘንጉ ላይ ረግቶ አገኘው፤ የፈጠራውንም መብት በ1924 ተቀበለ። ልጅነት ለማስተዋል እንቅፋት አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ወደ አገራችን ጄላቲ የገባው ከጣልያኖች ጋር መሆኑን ስሙ ይመሰክራል። በአሥመራም በአዲስ አበባም የኬክ ቤትና የቡና ቤት ልማድ ሲስፋፋ ቃሉም አብሮ ገባ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ከወጣ በኋላ ቃሉ በልጆች አፍ ቀረ። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ስኳር በአገር ውስጥ ተገኘ፤ ጎጃም ግን ከዚያ በፊትም የማር አገር ስለሆነ የሚያጣፍጥ ነገር አልቸገረውም። የከተማ ጁስ ቤቶችም ስፕሪስ የሚባለውን ከአቮካዶ፣ ከማንጎና ከፓፓያ በንብብር የሚቀዳ ወፍራም ጭማቂ አስለመዱ። ስፕሪስ በማንኪያ የሚበላ ስለሆነ፣ ከጄላቲ የሚለየው በብርድ አለመርጋቱ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል።

አሁን ይህ ነገር ለምን እንደሚጠቅመን እንመልከት። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም፣ በፍልሰታ፣ በነቢያትና በሐዋርያት ጾም፣ ከበዓለ ሃምሳ በቀርም በየረቡዑና በየዓርቡ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበሉም። ቀኖቹ ሲደመሩ ከዓመቱ እኩሌታ ያህሉ ይሆናሉ። በእነዚህ ቀኖች ፍራፍሬ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ በብዙ ቤት ቦታ አያገኝም። ሙዙ ከአርባ ምንጭ በኩል ረዥም መንገድ ተጉዞ ደርሶ፣ ልጣጩ ጥቂት ሲጠቁር ገዢ ያጣል። በጄላቲ ሥራ ግን የበለጠ የሚፈለገው ይኸው እጅግ የበሰለው ሙዝ ነው፤ ጣፋጭነቱ ከፍ ያለ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ይኸውም ጾም ራስን መግዛት ከሆነ ጣፋጭ ማበጀት ምን ይባላል የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጾም የምግብ ዐይነት መለወጥ ብቻ አለመሆኑን ከአባቶች ተምረናል። ስለዚህ እኛ ጄላቲን የጾም ግብዣ ለማድረግ አናስብም። ነገር ግን ከጾሙ ሰዓት በኋላ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ከሕመም ተነሥቶ ምግብ ለሚከብደው ሰው አንድ ስኒ ቀዝቃዛ ፍሬ ማቅረብ ከቅንጦት ይልቅ ወደ ርኅራኄ የሚጠጋ ይመስለናል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ስድስት በጣም የበሰሉ ሙዞችና ሁለት ማንጎዎች ይላጣሉ፤ ማንጎ ከታጣ በደጋችን የሚበቅለው ኮክ ይበቃል። የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ማርና ግማሽ ብርጭቆ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ተጨምሮ እስኪልም ይፈጫል። ሎሚው ሙዙ እንዳይጠቁር ይከላከላል። ማሩም የሚያጣፍጥ ብቻ አይደለም፤ ፍሬው እንደ ድንጋይ እንዳይጠነክር ያደርጋል። ሙዙ በበኩሉ ቅቤ ሳይኖር ቅቤ የመሰለ ልስላሴ ይሰጣል። ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ሙዙን ቆራርጦ ሌሊቱን አርግቶ በማግስቱ ቢፈጨው ያው ይሆናል።

መብራት በጠፋ ጊዜ ግን የጥንቱ ብልኀት ይረዳል። ፍሬው ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ይደረግና በትልቅ ባልዲ ውስጥ ይቀመጣል። በዙሪያው ሦስት እጅ የተሰበረ በረዶና አንድ እጅ ጨው እየተፈራረቀ ይሞላል። ባልዲው በገለባና በጆንያ ይጠቀለላል፤ ቱዶር በረዶውን በእንጨት ብናኝ እንደ ሸፈነው ማለት ነው። በየአምስት ደቂቃው ተከፍቶ ከጠርዝ ወደ መካከል ይማሰላል፤ ማማሰል ከተተወ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይፈጠራልና ሲበላ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ግማሽ ሰዓት ወይም ጥቂት በለጥ ያለ ጊዜ ሲማሰል ይረጋል።

ምክንያቱን የስኮትላንዱ ሊቅ ጆሴፍ ብላክ በ18ኛው መቶ ዓመት ካስረዳው ትምህርት እናገኘዋለን። በረዶ ሲቀልጥ ሙቀት ይውጣል፤ አንድ ኪሎ በረዶ ለመቅለጥ የሚወስደው ሙቀት አንድ ኪሎ ውኃን ከ0 እስከ 80 ዲግሪ ሊያሞቅ ይበቃል። ጨው ደግሞ በረዶው ከ0 ዲግሪ በታችም እንዲቀልጥ ያስገድደዋል፤ ቅልቅሉ በትክክል ከተመጠነ እስከ 21 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። በረዶው የሚቀልጥበትን ሙቀት የሚወስደው በመካከሉ ካለው ፍሬ ስለሆነ ፍሬው ይረጋል።

በነሐሴ ወር ከሰማይ የሚወርደው በረዶም ለዚህ ሥራ ይሆናል፤ ከፍሬው ጋር ግን ከቶ መነካካት የለበትም፤ መሬት ነክቶአልና ንጹሕ አይደለም። የጨዉም ውኃ በጓሮ አትክልት ላይ አይደፋ፤ አፈሩን ያበላሻል።

የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 መሆኑን፣ በረዶም በዚያው በክረምት መውረዱን ስናስብ አንድ ነገር ይገርመናል። በረዶው ከሰማይ፣ ጨዉ ከገበያ፣ ማሩ ከቀፎ፣ የጾሙም ሥርዓት ከቤተ ክርስቲያን፣ ሁሉም በአንድ ወር በአንድ አገር ይገኙ ነበር። የጎደለው አንዱን ከሌላው ጋር የሚያገናኝ ዕውቀትና፣ ለሙከራ የሚተርፍ ርካሽ ጨው ነበር። ዛሬ ጨው ገንዘብ አይደለም፤ ዕውቀቱም በየመጽሐፉ ተጽፎአል። ስለዚህ የትምህርት ጥቅሙ የሩቁን አገር ነገር ማድነቅ ብቻ ሳይሆን፣ በደጃችን ተለያይተው የቆሙትን ነገሮች ማስተዋልና ማገናኘት ነው እንላለን። ወላጆቻችንም በሚመጣው ፍልሰታ አንድ ባልዲ፣ ጥቂት ጨውና የበሰለ ሙዝ ቢፈቅዱልን፣ በክፍል የተማርነውን በማጀት እናሳያቸዋለን።