ከቁስቋም ያነሣኋት ድንጋይ፦ የፈረሱ ታሪካዊ ቦታዎችን እንዴት እንጎብኝ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ነህምያ ከሱሳ ቤተ መንግሥት ወደ ኢየሩሳሌም በተመለሰ ጊዜ ሠራተኛ ከመጥራቱና ድንጋይ ከማስጠረቡ አስቀድሞ ያደረገው አንድ ነገር ነበር። በሌሊት ተነሥቶ ጥቂት ሰዎችን አስከትሎ የፈረሰውን ቅጥርና በእሳት የተቃጠለውን በር ዞሮ ተመለከተ። ፍርስራሹን በዓይኑ ሳያይ ስለ ሕንፃው አልተናገረም። እንግዲህ የፈረሰን ቦታ ሄዶ ማየት የቱሪስት ልማድ ብቻ አይደለም፤ በመጽሐፍ ቅዱስ የምናገኘው የአማኝ ሥራም ነው።

በዚህ ዓመት ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች መካከል ወደ ጎንደር ለመጓዝ ያሰባችሁ አላችሁ። «ምን እንይ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ መልስ ይሆን ዘንድ ይህን ጻፍሁ። ነገር ግን ምን እንደምታዩ ከመናገሬ በፊት እንዴት እንደምታዩ ልነግራችሁ እወዳለሁ፤ በዚህ ረገድ እኔው ራሴ ተሳስቻለሁና።

ደብረ ፀሐይ ቁስቋም

ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ከቆረቆሩ በኋላ እርሳቸውና ተከታዮቻቸው ያነጿቸውን ግንቦች ነው። ከዚያ ወጣ ብሎ በተራራው ሥር ግን ደብረ ፀሐይ ቁስቋም አለች። ያሠራቻት ዐፄ በካፋ ካረፉ በኋላ ከ1723 ዓ.ም. ጀምሮ ከልጇ ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር የነገሠችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። ስሟ በግብፅ ከሚገኘው የቁስቋም ተራራ የመጣ ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ፊት በተሰደደች ጊዜ ያረፈችበት ተራራ ነውና በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን፣ ጾመ ጽጌ እንደ ተፈጸመ፣ በዓሉን እናከብራለን።

እቴጌይቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቤተ መንግሥቷንና የግብር አዳራሿን አሠርታ ነበር። ዛሬ ጣራ የላቸውም። ከግድግዳው ላይ ግን በቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች፣ እንዲሁም ከአንበሳቸው ጋር የሚታዩት የአቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ ምስል እስከ አሁን ይታያሉ። የእቴጌይቱ፣ የልጇና የልጅ ልጇ የዐፄ ኢዮአስ ዐፅም በዚያው በግቢው ይገኛል። ቤተ ክርስቲያኑ ከጥፋት በኋላ እንደገና ታንጾ ቅዳሴ ይቀደስበታል፤ ቤተ መንግሥቱ ግን እንደ ፈረሰ ቀርቷል። በዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ የቆመውንና የወደቀውን አብራችሁ ታያላችሁ።

ማን አፈረሰው?

ይህን ጥያቄ ስንመልስ እውነቱን ሙሉ ለሙሉ መናገር ይገባናል። ቁስቋምን ያቃጠሉት በጥር 1880 ዓ.ም. ከሱዳን ዘልቀው ጎንደርን የወረሩት ደርቡሾች ናቸው። ከዚያ ከሃያ ዓመት በፊት ግን፣ በታኅሣሥ 1859 ዓ.ም.፣ ጎንደርን የዘረፈና አብያተ ክርስቲያናቷን ያቃጠለ የሌላ እምነት ሠራዊት አልነበረም፤ የክርስቲያኑ ንጉሥ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ነበር። ጣልያን ግንቦቹን ጽሕፈት ቤት ስላደረጋቸው ከተማዋ ነፃ በወጣችበት በ1934 ዓ.ም. ዘመቻ ደግሞ ከእንግሊዝ አውሮፕላኖች በተጣለ ቦምብ ተጎዱ።

ከዚህ ቀደም ብሎ የጠፋውም ብዙ ነው። በቤተ አምሐራ ምድር፣ በዛሬው ወሎ፣ ዐፄ ናዖድ ጀምረዋት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሟት መካነ ሥላሴ የምትባል ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ናዖድ ዐፅም ወደ እርሷ ሲፈልስ በዓይኑ አይቶ ጽፏል። በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ሠራዊት አቃጠላት። የኢማሙ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ እንኳ በወርቋና በጌጧ የተደነቁትን ሰዎች ነገር ሳይጽፍ አላለፈም። ቁስቋም ግድግዳዋ ተርፎላታል፤ መካነ ሥላሴን ግን በይበልጥ የምናውቃት ባዩአት በሁለቱ ሰዎች ብዕር ነው፤ አንዱ እንግዳ፣ ሌላው የአጥፊዎቿ ወገን።

ይህን የምጽፈው ቂም ለማደስ አይደለም። በነቀምቴ ከእኛ ጋር ቡና የሚጠጣው፣ በኀዘናችን ቀን ቀድሞን ድንኳን የሚተክለው ሙስሊም ጎረቤታችን ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በተለኮሰ እሳት አይጠየቅም። እኛም ስለ 1859 ዓ.ም. የጎንደር ቃጠሎ በእኛ ላይ ባይፈረድ እንወዳለን። ፍርስራሽ ፊት የቆመ ክርስቲያን «እነርሱ አፈረሱብን» ብሎ ብቻ ከተመለሰ ግማሹን ታሪክ ትቶ ተመልሷል።

ድንጋይዋ

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ከ3 ዓመት በፊት፣ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር ቁስቋምን ተሳልሜ ነበር። ከፈረሰው አዳራሽ ግድግዳ ሥር የወደቀች እጄን የማትሞላ ቀይ ድንጋይ አየሁ። ማንም አላየኝም። «ለበረከት» ብዬ በቦርሳዬ ከተትኋት። ወደ ዶርም ተመልሼ በመጻሕፍቴ መካከል አኖርኋት፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም እያነሣሁ አሳይ ነበር።

ከጊዜ በኋላ ለታዳጊዎች ስለ መቅደላ አስተማርሁ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ጽላትና ንዋያተ ቅድሳት እንደ ወሰደ፣ ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍትም በለንደን እንደ ቀሩ ነገርኋቸው። ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹ ዐፄ ቴዎድሮስ ቀድሞ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው ነበሩ። በስኮትላንድ፣ በኤድንብራ ከተማ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ የተገኘ ታቦት በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ እንደ ተመለሰም ስነግራቸው ልጆቹ አጨበጨቡ። አንዱ ታዳጊ ግን እጁን አውጥቶ «ዲያቆን፣ ከቤተ ክርስቲያን የተወሰደ ነገር ሁሉ መመለስ አለበት ማለት ነው?» አለኝ። «አዎን» አልሁት። በዚያች ሌሊት ድንጋይዋን ማየት አልቻልሁም።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው አልተቆጡም። «በረከት ተሰጥቶህ የምትቀበለው እንጂ ሰው ሳያይህ የምታነሣው አይደለም» አሉኝ፤ ቀጥለውም እንድመልሳት አዘዙኝ። ጎንደር ቤተሰቦቹ ያሉት አንድ ወንድም ለትንሣኤ ሲሄድ ወስዶ ለአገልጋዮቹ አስረከበልኝ። አንድ አረጋዊ ተቀብለውት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የሚወስድ ብዙ ነው፣ የሚመልስ ግን ጥቂት ነው» እንዳሉት ነገረኝ።

ሁለት ነገር ከመጽሐፈ ኢያሱ አስቡ። እስራኤል ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች አውጥተው በጌልገላ በግልጥ አቆሙ፤ ልጆቻቸው ስለ ድንጋዮቹ ሲጠይቁ አባቶች ታሪኩን እንዲነግሯቸው ነው። አካን ደግሞ ከኢያሪኮ የወሰደውን በድንኳኑ ሥር ቀበረ። በቦታው የቆመ ድንጋይ ያስተምራል፤ ተሰውሮ የተወሰደ ግን የወሰደውን ይከሰዋል። የአገራችንም ሕግ፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከቦታው ማንሣትን ይከለክላል።

ስትሄዱም ሳትሄዱም

ስለዚህ ተጓዦች ሆይ፣ ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ። አስቀድማችሁ አንብቡ፤ የማያውቀውን ግድግዳ የሚያይ ሰው ያየው ድንጋይ ብቻ ነው። በደረሳችሁ ጊዜ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለሙ፣ ቀጥሎ ፍርስራሹን እዩ፤ ግድግዳ ላይ አትውጡ፣ ስማችሁን አትቅረጹ፣ ከዚያ ምንም አታንሡ። ስትመለሱም ከአገልጋዮቹና ከአረጋውያኑ የሰማችሁትን ጻፉ፤ መካነ ሥላሴን ያዩአት ሰዎች ባይጽፉ ኖሮ ክብሯን ማን ይነግረን ነበር?

መንገዱ ያልተሳካላችሁ ደግሞ አትዘኑ። እኛ የባኬ ጃማ ልጆች በከተማችን የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት አለን። የለቃ ነቀምቴ ገዥዎች መኖሪያ ነበር። ከአባታቸው ከሞረዳ በከሬ ቀጥለው ያስተዳደሩት ኩምሳ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ይባላሉ። ግቢው ታድሶ ሙዚየም ስለ ሆነ እንደ ቁስቋም አዳራሽ ጣራው ለሰማይ አልተከፈተም፤ የሚጠብቀው ሲያገኝ ታሪክ እንደሚቆም ምስክር ነው። ስንቶቻችን ገብተን አይተነዋል? ጎንደርን በፎቶግራፍ የምናውቅ፣ በደጃችን ያለውን ግን በአጥሩ ብቻ የምናውቅ ብዙዎች ነን። ወላጆች፣ እባካችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የምታውቁትንም በምትችሉት ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ንገሯቸው።

በመጻሕፍቴ መካከል ድንጋይዋ የነበረችበት ቦታ ዛሬ ባዶ ነው። እንግዳ ሲመጣ የማሳየው የለኝም፤ የምነግረው ግን አለኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።