የሞዞ ልክ

ልጆች፣ «አባባ፣ ኢትዮጵያ ምን ነበር ሥራህ?» ስትሉኝ «መካኒክ» ብዬ አሳጥሬ አልፌያለሁ። ነገሩ ግን ከመኪና በፊት ነው የሚጀምረው። (ዓመቶቹን እንደለመዳችሁት በፈረንጅ እጽፋለሁ።)

አባቴ ጎንደር አጠገብ ወለቃ ቀጥቃጭ ነበሩ። ቤተ እስራኤል ርስት ስላልነበረን አባቶቻችን በብረት፣ እናቶቻችን በሸክላ ነበር የሚኖሩት። ጎረቤቱ ማረሻና ማጭዱን ከኛ ቤት ያሠራል፣ ዞር ሲል ደግሞ «ቡዳ» ይለናል። ጋራዥ ልግባ ስላቸው አባቴ አልተቃወሙም። «ብረት ያው ብረት ነው፤ እዚያ ግን ስም አያወጡልህም» አሉኝ።

ጋራዥ ውስጥ የተማርኩት ቃል ሁሉ አማርኛ ይመስለኝ ነበር። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ሞዞ፣ ካቻቢቴ፤ ለካ ጣሊያንኛ ኖሯል! ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 አገሩን ይዞ ቆይቶ ሲወጣ ቃሉን ትቶልን ሄደ። በደርግ ጊዜ ላዳ መጣ። ላዳ እኮ የፊያት 124 ልጅ ነው፤ ሶቪየቶች በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውለው ከ1970 ጀምሮ ቶሊያቲ ከተማ ያመረቱት።

በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ መጣሁ። በ36 ሰዓት ከ14 ሺህ በላይ ሰው ገባ። ኔታንያ ደረስን። አንድ ቢሮ የሙያ ወረቀት ጠየቀኝ፤ ወረቀት ከየት ላምጣ? ኤቨን የሁዳ ሄጄ የሰው አትክልት መኮትኮት ጀመርኩ።

እዚያ አንድ ሽማግሌ ዳስ ሥር አሮጌ ፊያት 124 ነበራቸው። ጋራዥ ደርሳ መጥታለች፣ ግን ስትነሣ ዱብ ትላለች፣ የፊት ጎማዋ ይግላል። መኮትኮቻዬን ጥዬ ሥሯ ገባሁ። ካምቢዮውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ወፍራም ጎማ ተሰነጣጥቋል። አዲሱ ሲመጣ ዙሪያውን በቆርቆሮ ቀለበት ታስሯል። ሽማግሌው ሊቆርጡት መቀስ አነሡ፤ እጃቸውን ያዝኩ። ቀለበቱ ጎማውን ጨምቆ ስለሚይዘው ብሎኖቹ ገብተው እስኪያልቁ አይነካም፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚወልቀው።

ሞዞውን አጥብቀው ኩሽኔታውን ሊያቃጥሉት ነበር። ዳዶውን ጎማውን ወዲያና ወዲህ እያሽከረከርኩ አጠበቅሁ፣ ላላሁ፣ እንደገና በስሱ አጠበቅሁና መለስ አደረግሁት። ላዳ ላይ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው፤ እኔ ግን በጣቴ ነው የማውቀው። በጣም ከጠበቀ ይግላል፣ ከላላ ይወላገዳል። አባቴ የማረሻ ልክ በሜትር ለክተው ያውቃሉ እንዴ! በመጨረሻ የዳዶውን ከንፈር በመዶሻ ወደ ጎድጓዳው ቀጠቀጥኩት፣ እንዳይፈታ።

ሽማግሌው የፊቱን አክስል «ባክአክስ ቀድሚ»፣ ማለትም «የፊት የኋላ አክስል» ሲሉ ሳቅሁ። የእንግሊዝ ቃል ነው፤ እስከ 1948 ድረስ እዚህ ገዢው እንግሊዝ ነበር። ለካ ጋራዥ ሁሉ የገዛውን ሰው ቋንቋ ይናገራል። ኤቨን የሁዳ በ1932 ስትቆረቆር የተሰየመችው ዕብራይስጥን ለዕለት ንግግር በመለሱት በኤሊዔዜር ቤን የሁዳ ነው። ለመኪና «መኾኒት» የሚለውን ቃል የፈጠረው ልጃቸው ኢታማር ቤን አቪ ነው ይባላል። ባክአክስን ግን ማንም አላስጣላቸውም።

መንገድ ወጥተን ተመለስን። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ሞዞውን በመዳፋቸው ነኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። «ማን አስተማረህ?» አሉኝ። «አባቴ» አልኩ። «መካኒክ ነበሩ?» «አይ፣ ቀጥቃጭ።» ያን ቃል ጮክ ብዬ ለባዕድ ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ጎረቤታቸው ሱሲታቸውን ይዘው መጡ፤ አካሏ ፋይበርግላስ የሆነ፣ እዚሁ አገር የተሠራች መኪና። መኮትኮቻዬ ዳሱ ላይ እንደተደገፈ ቀረ።