ቤት የእግዜር፣ ዕዳው የማን?

መሽቶበት ከደጅ የቆመ መንገደኛ «ቤት ለእንግዳ!» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ» ብሎ ይመልስለታል። በዚህች ምልልስ ውስጥ ኪራይ የለም፣ ፊርማ የለም፣ ውል የለም። አባቶቻችን በዚሁ ኖረዋል። ለመሆኑ እንግዳው አደጋ የደረሰበትን ሕዝብ ሊያድን የመጣ ሰው ቢሆንና ባደረበት ቤት ግድግዳው ቢናድበት፣ ዕዳው የማን ነው? እሱንም የእግዜር ነው ብለን እንለፈው?

ጥያቄውን የምናነሣው ለክርክር ያህል አይደለም፤ ከተማችን ድሬዳዋ ስለሆነች ነው። ድሬዳዋ የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ደቻቱ ከዚራን ከመጋላ ለይቶ መካከሏን ያልፋል። ደቻቱ ሲሉት ወንዝ ነው እንጂ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ዳርና ዳሩንም ቤት ይሠራበታል። ክፋቱ ዝናቡ የሚጥለው እዚህ ሳይሆን ከላይ ከሐረርጌ ደጋ መሆኑ ነው። እታች ያለው ሰው ተኝቶ ሳለ ውሃው ይደርሳል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ የሆነው ይኸው ነው። ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ፤ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቀለ።

እንዲህ ያለ መዓት በወረደ ማግስት ብዙ ዓይነት ሰው ይመጣል፤ ወታደሩ፣ ፖሊሱ፣ ሐኪሙ፣ የቀይ መስቀል ፈቃደኛው፣ እህል የጫነው ሾፌር። ሁሉም ቀን ሲቆፍርና ሲሸከም ይውላል። ማታስ? ትምህርት ቤቱና አዳራሹ በተፈናቃይ ተጨናንቋል። ሆቴሉ ቢገኝም ገንዘብ ይፈልጋል። የቀረው የነዋሪው ቤት ነው። ድሬ ደግሞ እንግዳዋን «አንቱ» ብላ ከሩቅ የምታስቀምጥ ከተማ አይደለችም፤ ወዲያው «አንተ» ትለውና ከቤተሰብ ትቆጥረዋለች። ይሁንና ውሃ የነካው ግድግዳ ማን ቤተኛ፣ ማን እንግዳ እንደሆነ አይለይም።

እስቲ ወደ ታሪክ እንመለስ። በአገራችን ሕግ አስቀድሞ የቤት ባለቤትን የጠበቀው ከእንግዳው ነበር። በድሮ ጊዜ ዘማች ወታደር ገበሬ ቤት ይመራ ነበር። ገበሬው ሳይወድ ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ አልጋውንም ይለቅለታል። ያ እንግድነት አልነበረም፤ ግብር ነበር እንጂ። ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወቀው ረኃብ ገበሬውን ካራቆተ በኋላ፣ በ1880ዎቹ አጋማሽ፣ ዐፄ ምኒልክ ለወታደሩ ቀለብ የሚሆን አሥራት ደንግገው ወታደር ገበሬ ቤት እንዳይሰፍር አዘዙ። ትእዛዙ በየስፍራው እኩል ተፈጽሟል ማለታችን አይደለም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ ለአገር ሥራ የወጣውን ሰው የማሳደር ሸክም የአንድ ጎጆ ዕዳ ሳይሆን የሁሉም መሆኑ በዐዋጅ መነገሩ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው ይህ ሕግ በቁጥር 2077 ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል። ጥፋት ባይኖርበትም፣ አስቀድሞ ሊያውቀው ባይችልም ያው ነው። እንግዲህ ጎርፍ መሠረቱን የቦረቦረው ቤት ባለቤት «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ ነፍስ አድኑን ሲያስገባ፣ ሳያውቀው ከባድ ኃላፊነት አብሮ ያስገባል ማለት ነው። ግን ሕጉ በዚህ አላበቃም። ወረድ ብሎ ቁጥር 2089 አለ። በሁለቱ ሰዎች መካከል ውል ከሌለና ኃላፊ የሚባለው ሰው ከተጎጂው ጋር ከነበረው ግንኙነት ምንም ጥቅም ካላገኘ፣ የሚጠየቀው ጥፋት ሲኖርበት ብቻ ነው ይላል። በነፃ ያሳደረ ሰው ጋሻው ይህች ቁጥር ናት። አንዲት ጋሻ፣ ያውም ብዙ ሰው የማያውቃት!

ጋሻዋ ደግሞ ቀዳዳ አላት። «ጥቅም» ምንድን ነው? እንግዳው ሲሄድ ለሻይ ብሎ ጥቂት ብር ቢያስቀምጥ፣ ወይም ከራሽኑ ዱቄት ቢያካፍል፣ ነገሩ በነፃ መሆኑ ቀረ? «ጥፋት»ስ? ከጎርፍ በኋላ ስንጥቅ የሌለው ግድግዳ የት ይገኛል? ባለቤቱ ስንጥቁን እያየ ቢያስገባ ጥፋተኛ ነው? ዳኛው ሊያዝን ይችል ይሆናል፤ ግን በዳኛ ርኅራኄ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ጋሻ አለው አይባልም።

ሌላም አለ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ብዙው ቤት የቀበሌ ሆነ፤ ዛሬም በቀበሌ ቤት የሚኖር ሕዝብ አለ። ቁጥር 2077 የሚይዘው ባለቤቱን እንጂ ተከራዩን አይደለም። ስለሆነም እንዲህ ያለው ቤት ቢናድ ጥያቄው ወደ መንግሥት ይዞራል። ከቤቱ ዕቃ ወድቆ ሰው ቢጎዳ ግን ሕጉ የሚይዘው በቤቱ የሚኖረውን ነው። ደግ የሠራው ሰው ይህን ሁሉ መርምሮ ነው እንዴ በር የሚከፍተው?

ተጎጂውንም አንርሳ። ባለቤቱን ነፃ ስናወጣ ነፍስ አድኑን ሜዳ ላይ ከጣልነው አንዱን ግፍ በሌላ መለወጥ ነው። ደመወዝተኛው ጥቂት ይሻላል። የሠራተኛ ሕጋችን ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። በፈቃዱ አካፋ ይዞ የመጣው ወጣትስ? አሠሪ የለው፣ ኢንሹራንስ የለው። የሚካሰው ከማን ነው?

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ብዙ ክፍለ ግዛቶች በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን፣ የአቶም ቦምብ ፍርሃት በነበረበት ጊዜ፣ ቤቱን ያለ ክፍያ ለአደጋ ጊዜ መጠለያ የሰጠ ባለንብረት በዚያ ምክንያት እንዳይከሰስ ደንግገዋል። ለቦምብ የተጻፈው ሕግ በኋላ ለአውሎ ነፋስና ለጎርፍም አገለገለ። እነሱ አስቀድመው ጻፉት፤ እኛ ደግሞ ልማዱ አለን፣ የጎደለን ጽሑፉ ነው።

የወንጀል ሕጋችን በቁጥር 575 ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ ሊረዳ እየቻለ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ትቶ የሄደውን ይቀጣል። ደክሞት ማደሪያ የሚሻ ነፍስ አድን በዚህ ቁጥር ይገባል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ጨካኙን የሚቀጣ ሕግ ደጉን ብቻውን ቢተወው ግማሽ ሥራ ሠርቷል።

የምንለው ረጅም አይደለም። አንደኛ፣ በአደጋ ጊዜ ነፍስ አድንን በነፃ ያስጠለለ ሰው ሆነ ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ካልጎዳ በቀር እንዳይጠየቅ በግልጽ ይጻፍ፤ የምስጋና ስጦታም ጥቅም ተብሎ አይቆጠርበት። ሁለተኛ፣ ፈቃደኛው ተመዝግቦ ይሰማራና ቢጎዳ ካሣው ከሕዝብ ካዝና ይሁን። ሦስተኛ፣ የአስተናጋጁ ቤት ወይም ዕቃ ቢበላሽ እሱም ይካስ። አሥራቱ በወጣ ጊዜ የተባለው ይኸው አልነበረም? የአገር ሥራ ሸክም በአንድ ጎጆ ላይ አይጣል።

ደቻቱ ዛሬ ደርቋል። ደጋው ላይ ዝናብ መጣሉ ግን አይቀርም፤ ነፍስ አድኑም መምጣቱ አይቀርም። ያኔ በር የሚከፍተው ሰው ቁጥር 2089ን ላያውቅ ይችላል። ሕግ የምንማርና ታሪክ የምናገላብጥ እኛ ግን አላወቅንም ልንል አንችልም።