አንቺሆዬ ኮርድ ሲፈለግለት

ከዚህ ኮርድ ቀጥሎ የትኛው ይምጣ? ዛሬ ለዘፈን ደራሲ ይህን የሚጠቁም ሶፍትዌር ሞልቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ጥያቄው መቶ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ እኛ «አርባ ልጆች» የምንላቸው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሃርሞኒም አብሮ በከተማው ይሰማ ነበር። ማሲንቆና ክራር እስከዚያ ድረስ የዘፋኙን ዜማ እግር በእግር ይከተሉ ነበር እንጂ ከሥሩ ኮርድ አይደረድሩም። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን የአገሩን ዜማ ለኦርኬስትራ ሲያቀናብር ኖረ። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቦስተንና ኒውዮርክ ሆኖ አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝት ከ12ቱ ድምፅ ጋር አዋሐደ፤ የቅኝቱ ጠባይ እንዳይጠፋ እየተጠነቀቀ።

በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጨዋታ ሲያሳጥረው ትልልቆቹ ባንዶች እየሳሱ ሄዱ፤ ቦታውን ኪቦርድ ያዘው። በግራ እጅ አንድ ኮርድ ከተያዘ ከበሮውና ቤዙ ከውስጡ ይመጣሉ። እኔም እጄን ያፍታታሁት በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ካናዳ ውስጥ የወጣው ባንድ ኢን ኤ ቦክስ ያንኑ ነገር ወደ ኮምፒዩተር ወሰደው፤ የኮርዱን ስም ትጽፍለታለህ፣ አጃቢው ይጫወታል። ኮርዱን ራሱ የሚጠቁሙት በኋላ መጡ።

እነዚህን ሶፍትዌሮች እወዳቸዋለሁ። ሐሳብ ሲደርቅብኝ በደቂቃ አሥር መንገድ ያሰሙኛል። የትዝታ ቅኝት ላይ ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስሰጠው ዶ ሜጀርና ላ ማይነር ከቅኝቱ ሳይወጡ ይገኛሉ። ሶፍትዌሩ ግን ወዲያው ፋ ሜጀርና ሶል ሜጀር ይጨምራል፤ ፋ እና ሲ የሚባሉ፣ ትዝታው ውስጥ የሌሉ ድምፆች ይገባሉ። ዘፋኙ አንዲት ድምፅ ሳይቀይር ዘፈኑ ትዝታነቱ ይሳሳል።

አንቺሆዬ ይብሳል። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ፤ ከመነሻው በላይ ሶል የለም፣ ስለዚህ ዶ ላይ የሚቆም የተለመደ ኮርድ አይሠራም። በፒያኖ ቁልፎች ከፈለግህ የምታገኘው ፋ ሜጀርን ነው፤ ከጎኑ ደግሞ ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ብሎ ሶል ፍላት ማይነር። በአውሮፓ ልማድ እነዚህ ሁለቱ በአንድ ሜዳ እምብዛም አይገናኙም። ሶፍትዌሩም አንቺሆዬን እንደ ፋ ሜጀር ወይም እንደ ሬ ፍላት ዘፈን ቆጥሮ ወደዚያ ይጎትተዋል፤ ማረፊያው ዶ መሆኑን አያውቅም።

በእኔ ቅንብር አንቺሆዬ ሲመጣ ቤዙ ዶን ይዞ ይቆያል፤ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ዜማውን በአንድ ድምፅ ይላሉ። ፋ ሜጀርን የማስገባው ስንኙ ሊያልቅ ሲል ብቻ ነው፣ ያውም ለአንድ ምት። ከዚያ በላይ ከቆየ ጆሮ ፋን ቤት አድርጎ ይይዘዋል፣ ዘፋኙም ወደ ዶ ሲመለስ የሳተ ይመስላል።